ኮምፒውተሩ ቢጮኽ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ በጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዱ ዴስክቶፕ ስክሪኑ ጨልሞ ቀረ። ማብሪያውን ስጫን ረጅም የ«ጢጥ» ድምፅ ያሰማል፣ ጥቂት ያርፋል፣ መልሶ ይጮኻል፤ ካላጠፋሁት አያቆምም። የጠራሁት ባለሙያ ሳይከፍተው «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይግዙ» አለኝ። ሌላው ኮምፒውተሬ ደግሞ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ ድምፅም ምስልም የለውም። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በሁለቱም ላይ ስላለ ጨንቆኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በቅድሚያ ስለ ጽሑፎቹ ይረጋጉ፤ ፋይሎቹ ያሉት በሃርድ ዲስኩ ላይ ስለሆነ ማዘርቦርዱ (ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ቢበላሽ እንኳ ዲስኩ ደኅና እስከሆነ ድረስ ነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት መገልበጥ ይቻላል።

ማዘርቦርድ ለመግዛት ግን አይቸኩሉ። ያን ድምፅ የሚያሰማው በማዘርቦርዱ ላይ ባለው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው ሶፍትዌር) ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም ሲሆን፣ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አእምሮ ነው፤ ስለዚህ ፈጽሞ የተቃጠለ ማዘርቦርድ በሥርዓት ሊጮኽ አይችልም። ከ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ ኮምፒውተር ሲበራ ራሱን ይፈትሻል፤ ምስል ማሳየት ከመቻሉ በፊት ስሕተት ሲያገኝ የሚናገርበት ሌላ መንገድ ስለሌለው በድምፅ ይናገራል።

የድምፁ ትርጉም እንደ ባዮሱ ሠሪ ይለያያል። በአዋርድ ባዮስ አንድ አጭር ድምፅ «ሁሉም ደኅና ነው» ማለት ሲሆን፣ በቆዩ የአሚ ባዮሶች ግን ይኸው ድምፅ የራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ችግር ነው። በአዋርድ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር የግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል) ችግርን፣ በአሚ አንድ ረጅምና ሦስት አጭር የራም ችግርን ያመለክታል። ፎኒክስ ደግሞ ድምፆቹን በዕረፍት እየከፋፈለ ስለሚያሰማ እየቆጠሩ መጻፍ ያስፈልጋል። በማዘርቦርዱ ላይ የታተመውን የሞዴል ቁጥር ይዞ የዚያኑ ሞዴል መመሪያ መፈለግ ከግምት ያድናል።

የእርስዎ ዓይነት እያረፈ የሚደጋገም ረጅም ድምፅ በአዋርድ ባዮስ የራም ምልክት ስለሆነ፣ በሌሎችም ቢሆን ከራም መጀመር ይሻላል። ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያፍስሱ፣ እጅዎን ያልተቀባ የብረት አካል አስነክተው ራሞቹን ያውጡ። ወርቃማውን ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ጠርገው ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። በአፍ እፍ ማለት የብዙዎቻችን ልማድ ቢሆንም የትንፋሹ እርጥበት ለብረቱ ጠንቅ ነው። የበጋው አቧራ በራም ማስገቢያዎቹ ውስጥ ሲከማች መነካካቱ ስለሚላላ፣ እንዲህ ያለው ጽዳት ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ካልሆነ አንድ ራም ብቻ በየማስገቢያው እየቀያየሩ ይሞክሩ። በአንዱ ማስገቢያ ሠርቶ በሌላው እምቢ ካለ የተበላሸው ማስገቢያው ነው፤ በየትኛውም ካልሠራ ደኅንነቱ የታወቀ ተመሳሳይ ዓይነት ራም ተውሰው ያስገቡ። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የተባሉት የራም ዓይነቶች ስንጥቃቸው ስለሚለያይ በግድ አይግፉት። ደኅናው ራምም በሁሉም ማስገቢያ ከጮኸ ያኔ ማዘርቦርዱን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች የራም መቆጣጠሪያው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሚገኝ ጥርጣሬው ወደ ፕሮሰሰሩም ይዞራል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዝም ያለው ኮምፒውተርዎ ነው። ሆኖም ብዙ ማዘርቦርዶች ስፒከር ሳይገጠምላቸው ስለሚሸጡ ዝምታው የስፒከር አለመኖር ሊሆን ይችላል። «ስፒከር» ተብሎ በተጻፈባቸው እሾሆች ላይ ትንሿን ስፒከር ይሰኩ፣ ራሞቹን በሙሉ አውጥተው ያብሩት። ከጮኸ ፕሮሰሰሩና ባዮሱ እየሠሩ ስለሆነ ከላይ ያለውን የራም ፍተሻ ይከተሉ። አሁንም ዝም ካለ ፓወር ሳፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) በሚሠራ ቀይረው ይሞክሩት፤ አሮጌውን ፓወር ሳፕላይ ግን ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ራስዎ አይክፈቱት።