ቃሉን ሳይሰጥ ድረሺበት

ደብረ ማርቆስ ያለው የቤተሰባችን የጥብቅና ቢሮ ዘንድሮ አዲስ ሰው አገኘ። የወንድሜ ልጅ ናት። ፈቃዷን አውጥታ ከአባቷና ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ የራሷን ዘርግታለች። ምክር ልሰጣት ስጀምር ወይ ስልኳ ይጮኻል፣ ወይ ባለጉዳይ ይገባል፣ ወይ ወንድሜ ወሬውን ይነጥቀኛል። ስለዚህ በጽሑፍ አደረግኩት። በየወረዳው አዲስ ፈቃድ የያዛችሁ ልጆችም አንብቡት፤ ጉዳዩ የእናንተም ነው።

ልጄ፣ ውሉንም ውርሱንም ቀስ እያልሽ ትደርሺበታለሽ። የመሬት ክርክር ደግሞ እኛ አገር ማንንም ያስተምራል። እኔ የምጽፍልሽ ስለ አንድ ነገር ነው። የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው። ይህን ዩኒቨርሲቲ ሸምድደሽዋል። «ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 2» ብለሽ ፈተና ላይ ነጥብ አግኝተሽበታል። ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ስትቆሚ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የእኛ አገር ሰው ተጠርጥሮ ዝም ማለት አይሆንለትም። አልፈርድበትም። ቅኔ የሚዘረፍበት፣ አንደበተ ርቱዕ የሚከበርበት አገር ነው። በድሮው ሙግት «በላ ልበልሃ» እየተባባለ፣ ዱላውን እየወዘወዘ የተሟገተ ሰው ያሸንፋል። ምላሱ የተሳሰረ እውነት ይዞም ይሸነፋል። አውጫጭኝም ነበር። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መመለስ የለም፤ የቀረ ይቀጣል። እዚያ ሜዳ ላይ ዝም ያለ ሰው በምን ዓይን ይታይ እንደነበር መገመት አያቅትሽም።

ያ ስሜት ዛሬም አለ። ንጹሑ ሰው «ምን የምደብቀው አለ?» ይላል። ጥፋት ያለበትም «ዝም ካልኩ አምኗል ይሉኛል» ይላል። እናት በር ላይ ቆማ «እውነቱን ተናገርና ወደ ቤትህ ና» ትላለች። የተናገረውን ላንሳ ቢል ደግሞ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባለ ያደገ ሰው ነው፤ ራሱ ያፍራል። አየሽ፣ መርማሪው ገና ብዕሩን ሳያነሳ ስንት ነገር ደንበኛሽን ተናገር ተናገር እያለ ይገፋዋል።

ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚያወጣውን መንገድ ታውቂዋለሽ። በዚያ በኩል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ልጅ ገጭቶ ልጁ ሞተ። ሾፌሩ አፈር ላይ ተቀምጦ «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እኔ ነኝ» እያለ ሲያለቅስ ተገኘ። ሰው ነዋ፣ ሌላ ምን ይላል? ጣቢያም ሄዶ ይህንኑ ደገመው። መዝገቡ እጄ ሲገባ ግን ወረቀቱ ላይ የጠበቀኝ ልቅሶ አይደለም። «ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረግና ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር የሰው ሕይወት እንዲጠፋ አድርጌያለሁ» ይላል። ከሥሩ ፊርማው አለ።

«ፍጥነትህ ስንት ነበር?» አልኩት።

«ኧረ አላየሁትም።»

«ታዲያ ከተፈቀደው በላይ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ፍጥነት ነበረህ ወይ አሉኝ። እንጃ፣ ሊሆን ይችላል አልኩ።»

በቃ። «እንጃ» የምትለዋ ቃል ወረቀቱ ላይ የለችም። በቸልተኝነት ሰው መግደል፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543፣ የሚፈልገውን ሁሉ ሾፌሩ በገዛ ፊርማው አሟልቶ ሰጠ። መርማሪውን ክፉ ሰው ነው አልልሽም። የሰማውን በሚያውቀው የመሥሪያ ቤት አማርኛ ጻፈው። ችግሩም እሱ ነው። ስለዚህ የተጠርጣሪ ቃል ስታነቢ አማርኛው የማን እንደሆነ እይ። ከማቻከል ገጠር የመጣ ገበሬ «በቸልተኝነት» አይልም። «ሳላስበው» ይላል፣ «እጄን አመለጠኝ» ይላል። በሳላስበውና በቸልተኝነት መካከል ያለው ርቀት የሰው ዓመታት ነው።

ልጆች ይህን መብት ከአሜሪካ ፊልም የመጣ ይመስላቸዋል። የአሜሪካ ፖሊስ ለተያዘ ሰው «ዝም የማለት መብት አለህ» እንዲል ያስገደደው የሚራንዳ ፍርድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የእኛ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በ1954 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1961፣ ወጥቷል። አንቀጽ 27 ፖሊስ የሚጠይቀውን ሰው መልስ እንዲሰጥ እንዳያስገድደው፣ ያለመመለስ መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እንዲነግረው ያዛል። በአምስት ዓመት እንቀድማቸዋለን። ወረቀት ላይ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንድ ነገር አጠበቀ፦ ማስጠንቀቂያው ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው አለ፤ ተገድዶ የሰጠው ቃልም ተቀባይነት የለውም አለ። «በሚገባው ቋንቋ» ሲባል አስተርጓሚ ብቻ አይምሰልሽ። አማርኛ ለሚናገር ገበሬ አንቀጽ ቁጥር በፍጥነት አንብቦለት ማለፍ እንደ ነገሩት ይቆጠራል ወይ? እኔ አይቆጠርም ባይ ነኝ። ችሎት ላይም ተከራከሪበት።

ወደ ሥራው እንምጣ። ቤተሰብ ሲደውልልሽ ነገ እመጣለሁ አትበዪ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይታሰብም። ቃል የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ሲደናገጥ፣ ሲርበው፣ ብቻውን ሲሆን። ጣቢያ ደርሰሽ «ምርመራ ላይ ነው፣ ከሰዓት ተመለሺ» ሊሉሽ ይችላሉ። አትጩኺ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር ይፈቅዳል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21ም ጠበቃው እንዲጎበኘው ይላል። በትሕትና ጥቀሺላቸው፣ ወደ ኃላፊው ሂጂ፣ እንቢ ካሉ ማመልከቻ ጽፈሽ ሰዓቱን አስፍሪበት። ከዚህ ቤት ጋር ዕድሜ ልክሽን ነው የምትሠሪው። ፖሊሱን «ወንድሜ» ማለት መብት አያስቀርም።

ደርሰሽ ካገኘሽው አንቀጽ አትደርድሪለት። አንድ ዓረፍተ ነገር ስጪው፦ «ጠበቃዬ ሳይኖር ቃል አልሰጥም።» እፊትሽ ደጋግሞ ይበለው። ስሙንና አድራሻውን ይንገር። አይሳደብ፣ አይታገል። ከሁሉ በላይ አይዋሽ። ይህን አጥብቂ፤ «ዝም በል» ስትዪው «ካድ» ያልሽው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። «ቤት ነበርኩ» ብሎ በኋላ ገበያ ያየው ሰው ከመጣ፣ ያቺ ውሸት ከዋናው ክስ በላይ ትጎዳዋለች። ዝም ካለ ግን የማስረዳቱ ሸክም ዓቃቤ ሕግ ትከሻ ላይ እንዳለ ይቆያል። ዓቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ጨርሶ ክሱን ካላስረዳ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 ተከሳሹ መከላከያ ሳያሰማ በነጻ ይሰናበት ይላል።

ሁልጊዜ ዝም ይበል ማለቴ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 መጸጸትን፣ ካሳ መክፈልን፣ የክሱን ዝርዝር ሁሉ ማመንን ቅጣት ማቅለያ ያደርጋቸዋል። ማስረጃው የጠነከረ ከሆነ ማመን የተሻለው መንገድ ሊሆን ይችላል። ግን ያ ውሳኔ ክሱ ተነቦ፣ ማስረጃው ታይቶ፣ ካንቺ ጋር ተመክሮ፣ ችሎት ላይ ይሁን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ጣቢያ ውስጥ አይሁን።

ከሁሉ የሚከብድሽ ሽምግልናው ነው። እኛ ዘንድ ሰው ከሞተ ነገሩ በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። ደም አለ። ሽማግሌ ይገባል፣ ካህናት መስቀል ይዘው ይገባሉ፤ እርቅ እስኪወርድ የገዳይ ወንድም ገበያ ለመውጣት ይፈራል። እርቅ ደግሞ ያለ «አጥፍቻለሁ» አይሆንም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጋጭብሻል። ሽማግሌ ፊት የተነገረው ነገ በምስክር አፍ ችሎት ሊገባ ይችላል። ይሁንና እርቁን አከሽፋለሁ ካልሽ ምናልባት ሌላ ሰው ይሞታል። እኔ ለቤተሰቦች የምላቸው እንዲህ ነው፦ እናንተ ቅረቡ፣ እናንተ ይቅርታ ጠይቁ፣ ስለ ካሳው ተነጋገሩ፤ የታሰረው ልጅ ግን አድራጎቱን በዝርዝር ለማንም አይተርክ። ሽማግሌዎቹ ብልህ ናቸው፤ ሲነገራቸው ይገባቸዋል። ዝርዝሩን የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው።

ክስ ሲነበብ ደግሞ ንቁ ሁኚ። የእምነት ክህደት ቃል ሲጠየቅ ሰዋችን ታሪኩን ይጀምራል። «መትቼዋለሁ፣ ግን ቀድሞ የመታኝ እሱ ነው።» ይህ ማመን አይደለም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 133 መሠረት ዝም ያለም፣ ያለ ማወላወል ያላመነም እንደካደ ተቆጥሮ ይመዘገባል። ጸሐፊዋ «አምኗል» ብላ እንዳትጽፍ እዚያው ተነሺና አስተካክዪ።

ስለ ክፉ ቀንም አንድ ነገር ልበል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ብዙ ወጣት ጠበቆች «ሕገ መንግሥቱ ቆመ» ሲሉ ሰማሁ። አንቀጽ 93ን ግለጪው። በአዋጅ ሊነኩ የማይችሉት ተዘርዝረዋል፤ አንቀጽ 19 ከመካከላቸው የለም፤ አንቀጽ 18 ግን አለ። ያ ማለት ሌላው ሁሉ ቢጠብ እንኳ ሰውን ማሠቃየትና ኢሰብአዊ በሆነ መንገድ መያዝ በየትኛውም አዋጅ አይፈቀድም። የቆምሽበትን መሬት ልክ እወቂ።

አሁን ወዳንቺ አፍ ልምጣ። ደንበኛሽን ዝም አስብለሽ አንቺ ካወራሽ ምን ዋጋ አለው? የቤተሰብ ቢሮ ጣጣው ይህ ነው። ማታ ቡና ሲፈላ እናትሽ «ያ የእንትና ልጅ እውነት ገድሎ ነው?» ማለቷ አይቀርም። «ነገሩ ፍርድ ቤት ነው» በያት። ትቆጣለች፣ ትለምደዋለች። ባጃጅ ላይ የደንበኛ ስልክ አታንሺ፤ ሾፌሩ የሟች ዘመድ እንዳይሆን ምን ዋስትና አለሽ? ዋስትና ያስፈቀድሽለትን ልጅ ፎቶ ቲክቶክ ላይ አትለጥፊ። ነገሩን በድምፅ ቀድታችሁ በቴሌግራም አትላላኩ። የሙያ ምስጢር ማባከን ራሱ ወንጀል ነው። እኔና አባትሽ እንኳ ያልያዝነውን መዝገብ ካልጠየቅንሽ አትንገሪን፤ ብንጠይቅሽም ለምን ብለሽ ጠይቂን።

አብዛኛውን ጊዜ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ስትደርሺ ቃሉን ሰጥቶ ይጠብቅሻል። አትቆጪው። ቁጭ ብለሽ ጠይቂው። መቼ ጠየቁህ፣ ቀን ነው ሌሊት? ማን ነበር? ተነቦልህ ነው የፈረምከው? ማንበብ ትችላለህ? «ፈርምና ትወጣለህ» ያለህ ሰው አለ? የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 31 ማስፈራራትን ብቻ ሳይሆን ማባበልንና ተስፋ መስጠትንም ይከለክላል፤ ሰው ግን ዱላ ካልቀመሰ ተገደድኩ አይልም፣ ስለዚህ ካልጠየቅሽው አይነግርሽም። ሰውነቱ ላይ ምልክት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም እንዲያየው አመልክቺ። ቁስሉ ሲድን ማስረጃውም ይሄዳል። በአንቀጽ 35 ቃሉን እንዲሰጥ ዳኛ ፊት ሊያቀርቡት ከሆነ ቀድመሽ አግኚው፤ ዳኛው «በፈቃድህ ነው?» ብለው «አዎ» ካለ ያንን ማንሳት በጣም ከባድ ነው። ቅሬታሽን በመጀመሪያው የጊዜ ቀጠሮ፣ ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን በሚጠይቅበት ችሎት፣ ላይ አንሺ፤ ወር ቆይተሽ ብታነሺው ጠበቃ ያስጠናችው ይመስላል። በቃል ያልሽው መዝገብ ላይ ላይገባ ስለሚችል በጽሑፍም አዘጋጂው። ሬጅስትራር ስታስገቢ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቺ፤ ነገ ይደረግልሻል ካሉሽ እዚያው ጠብቂ።