ከማዜሙ በፊት የሚንተባተበው ወፍ

እንዴት ናችሁ ልጆች? ሠላሳ ዓመት ያህል ለሕክምና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከናንተ የሚደርሰኝ ሮሮ ግን ያው የድሮው ነው፤ «መጀመር ከበደኝ»። ቁጭ አልኩ፣ ተነሳሁ፣ ደብተሩን ገለጥኩ፣ መልሼ ዘጋሁ፣ ሰነፍ ሳልሆን አልቀርም ትላላችሁ። እስቲ ስለ አንድ ወፍ ላውራችሁ።

ዜብራ ፊንች ይባላል። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ መዳፍ ውስጥ የሚደበቅ ትንሽዬ ወፍ። የሚያዜመው ወንዱ ብቻ ነው። ጫጩት እያለ ከአባቱ ይሰማል፣ አጉል አጉል ድምፅ እያወጣ ይለፋል፣ በሦስት ወር ገደማ ዜማውን ያጠራል። ታዲያ አድጎ፣ ዜማውን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሉ ይዞም ቢሆን ዘው ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ አንዲት አጭር ድምፅ ይደጋግማል። ጭ፣ ጭ፣ ጭ። አዝማሪ ማሲንቆውን ሳይቃኝ አፉን አይከፍትም አይደል? እንደዚያ በሉት።

ራጋቭ ራጃን እና አሊሰን ዱፕ የተባሉ የአንጎል ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ እነዚህን ጭታዎች አንድ በአንድ ተከታትለዋቸዋል። በመካከላቸው ያለው ዝምታ እያጠረ ይሄዳል፣ ድምፁም እየተስተካከለ ይመጣል። ወፉ አንዳንዴ ሁለቴ፣ አንዳንዴ አምስቴ ጭ ሊል ይችላል፤ የመጨረሻዋ ጭታ ግን ሁልጊዜ ተቀራራቢ ናት። ኤችቪሲ በሚባለው የአንጎሉ ክፍል ያሉት የነርቭ ሴሎችም አብረው ወደ አንድ ዓይነት ሁኔታ ይደርሳሉ። ከዚያ ዜማው ይፈነዳል።

ይህ ኤችቪሲ ቀልድ አያውቅም። በ2002 ሃንሎዘር፣ ኮዜቭኒኮቭ እና ፊ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከዚያ ወደ ታች ትእዛዝ የሚያወርዱት ሴሎች እያንዳንዳቸው በአንድ ዙር ዜማ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለስድስት ሚሊ ሰከንድ ያህል የኤሌክትሪክ ምልክት ተኩሰው ዝም ይላሉ። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል። በ2008 ደግሞ ሎንግ እና ፊ ቦታውን በጥቂቱ ሲያቀዘቅዙት ዜማው ሳይበላሽ ዘገም አለ። እንዲህ የተሳሰረ ነገር በድንገት ከመሃል አይነሳም፤ ወፉ ለምን ያን ያህል እንደሚደጋግም የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

ድምፁን እየሞከረ ነው እንዳትሉ ደግሞ፤ መስማት ያልቻሉ ወፎችም ያንኑ ያደርጋሉ። ማሲንቆ ያልኩት እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል፣ አዝማሪ የሚቃኘው በጆሮው ነዋ።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ስትንጎራደዱ ራሳችሁን አትስደቡ። ግን አንድ ነገር እዩልኝ፤ ወፉ በደገመ ቁጥር ወደ ዜማው እየተጠጋ ነው። ሰኞ ጠረጴዛ ስታጸዱ፣ ማክሰኞ እስክሪብቶ ስታማርጡ፣ ረቡዕ ዩቲዩብ ላይ «እንዴት ላጥና» የሚል ቪዲዮ ስታዩ ውላችሁ ሐሙስ ላይ ምን ተቀራረበ? እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። የማስተርስ ጽሑፌን «ትንሽ ላንብብ» እያልኩ ዘጠኝ ወር ካርድ ላይ ማስታወሻ ስገለብጥ ከረምኩ። ካርዱ ሳጥን ሞላ፣ ጽሑፉ ግን አንድ ገጽ አልሆነም። በኋላ ነው ጠዋት ጠዋት የትናንቱን የመጨረሻ አንቀጽ በእጄ መልሼ መጻፍ የጀመርኩት፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ቀጣዩ ራሱ ይመጣ ነበር።

የራጃን ቡድን ኋላ ላይ ሌላም ነገር አይቷል። አስተማሪ ሳይኖረው ያደገ ወፍም ጭ ጭ ይላል፤ አስተማሪ ያለው ግን የአስተማሪውን አጀማመር ይወርሳል። እኛ ከመምህሮቻችን የምንቀዳው ዋናውን ዜማ ብቻ ይመስለናል። እስቲ የምታደንቁትን ሰው ሥራው ላይ ሳይሆን ከሥራው በፊት ባሉት ሁለት ደቂቃዎች ተመልከቱት። የኔ መምህር ክፍል ሲገባ ማንንም ሳያይ ጠመኔውን ለሁለት ይሰብርና ሰሌዳው ላይ አንድ ባዶ ክብ ይስል ነበር። እስከ መጨረሻው የማስተማር ቀኔ ድረስ እኔም ያን ክብ ስስል ኖርኩ። ማርከር አይሰበርም እንጂ።