ቤቱ ሁሉ ራሱን ካመመው ከሰሉን ጠርጥሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ፍኖተ ሰላም ነን፤ ዝናቡ ከጠነከረ ወዲህ እኔንም ልጆቹንም እናቴንም ራሳችንን ያመናል፣ ያዞረናል፣ የግቢው ተከራዮችም እንደዚሁ ይላሉ። የአየር ለውጥ ነው ይሉናል። እውነት አየር ይሄን ያህል ሰው ባንዴ ያማል?» ነው ያልሽው። ከሥር የተሰጠሽን መልስ ሁሉ አነበብኩት። አንዱ ምች ነው፣ ዳማከሴ ጠጡ ይላል። ሌላው ታይፎይድ ነው ይላል። ሌላዋ ደግሞ ያልፋል፣ ታገሱ ትላለች። ማታ ቤት ውስጥ ምን እንደምታነዱ ግን አንድም ሰው አልጠየቀሽም።

እኔ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ይሄው ነገር እኛ ቤት ገብቶ ጤናችንንም ገንዘባችንንም በልቶናል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ቢልብሽም አንብቢው።

1. አየር ራስ ምታት አያመጣም አልልሽም። ታናሽ እህቴ ማይግሬን አለባት። ሰማዩ ሲከብድ፣ ፀሐዩ ሲያቃጥል፣ ወይም ውሃ ሳትጠጣ ስትውል ግማሽ ጭንቅላቷን ይይዛታል። ብዙ ማይግሬን ያለባቸው ሰዎችም አየሩ ሲለወጥ ይነሳብናል ይላሉ፣ ምንም እንኳ ጥናቶቹ አንድ ዓይነት መልስ ባይሰጡም። ግን ልብ በይ፣ እሷን ሲያማት አጠገቧ የተኛነው ምንም አንሆንም። ደሞ ይሄ የአየር ግፊት የሚሉት ነገር ይሄን ያህል ሰው ባንዴ የሚጥል ቢሆን ከደጀን ዓባይ በረሃ የሚወርዱት ሹፌሮች በሕይወት ባልኖሩ። ከደጀን እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግፊቱ ከ100 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) በላይ ይለወጣል። እኛ አገር ደመና መጣ ሄደ ቢባል የሚለወጠው ጥቂት ሄክቶፓስካል ነው። ዓባይን ስንወርድ ጆሯችን ይደፈናል እንጂ አውቶብስ ሙሉ ሰው አዙሮት አይወድቅም።

2. ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ መንገዱ ሌላ ነው። እናንተ ጋ ወባ አለ፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ። ሳትውዪ ሳታድሪ የደም ምርመራ አስደርጊ። አንቺ ግን ትኩሳት አለን አላልሽም፤ እኛም አልነበረንም።

3. ዋናው ይሄ ነው። ከቤት ስትወጡ ይሻላችኋል? ጠዋት ብሶ፣ ውጭ ስትውሉ ለቆ፣ ማታ ተመልሶ ይመጣል? ባለቤቴ ጠዋት ግድግዳ ይዞ ነበር የሚነሳው። ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ ስደውልለት ደህና ነው። ቤት የምንውለው እኔና ትንሿ ልጄ ግን እንደዞረብን ነው የምንውለው፤ የበላችው አይረጋላትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ስንቆይ ሁላችንንም ቀለል ይለናል። ማታ እራት በልተን ስንተኛ እንደገና ይጀምራል። ይሄን ያስተዋልኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አልነገረኝም፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል።

ይሄን ይዤ ነው አንድ የግል ክሊኒክ የሄድነው። ስሙን አልጠራም። ካርድ አወጣን፣ ደም ሰጠን፣ ተሰልፈን ቆየን። ውጤት ተብሎ የመጣው ለሁላችንም አንድ ነው፤ ታይፎይድም ታይፈስም። አባትም እናትም ልጅም፣ ባንድ ቀን፣ ሁለቱም በሽታ። ሐኪሙን ትኩሳት የለንም እኮ ስለው የውስጥ ትኩሳት ነው አለኝ። ከቤት ስንወጣ ይሻለናል፣ ስንገባ ያመናል፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሐኪሙ አንቺ ነሽ እኔ?» አለኝ። ልጄን ይዤ፣ ራሴ እየዞረ፣ ሰው በተሰበሰበበት። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። መርፌም ክኒንም ታዘዘልን። የከፈልነው ለመስከረም ለልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ያስቀመጥነውን ነው። መድኃኒቱ የትንሿን ሆድ አበላሸባት፣ ማዞሩ ግን ንክች አላለም።

ያ የደም ምርመራ እኮ ቀድሞ በሽታው ይዞት የዳነ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ይላል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ጤነኛ ሰው ላይም። ይሄን ኋላ ነው ያወቅሁት። አንቺ ግን አሁኑኑ እወቂው። ትኩሳት ሳይኖራችሁ ቤተሰቡን በሙሉ ታይፎይድና ታይፈስ ያለሽ ካለ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ሌላ ቦታ ጠይቂ።

ሌላም ነገር አለ። ያች ጣት ላይ የሚሰኳት መቆንጠጫ አለች አይደል፣ ቀይ መብራት ያላት? እሷን ሰክቶ «ኦክስጅንሽ ሙሉ ነው፣ ምንም የለብሽም» ብሎኝ ነበር። ያች መሣሪያ ኦክስጅን የያዘውን ደም የከሰል ጋዝ ከያዘው ደም ለይታ አታውቅም። ሰውየው ታፍኖም ሙሉ ነው ትላለች። በእሷ እንዳትታለዪ።

በመጨረሻ ትንሿ ስታስታውክ ስታድር ጎሕ ሳይቀድ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰድናት። ተረኛዋ ነርስ ልጅ እግር ናት። የሁላችንንም ነገር ስነግራት ገና ሳልጨርስ «ማታ ከሰል ታነዳላችሁ?» አለችኝ። በቃ፣ ይሄን ጥያቄ ነበር ስፈልግ የከረምኩት። ልጄን ኦክስጅን በማስክ አደረጉላት። ረፋድ ላይ ዓይኗን ገልጣ ዳቦ ጠየቀችኝ። ያችን ነርስ እግዚአብሔር ይስጣት።

ከሰል በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚያወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ይይዘዋል። ስለዚህ ብንተነፍስም ኦክስጅኑ ለጭንቅላታችንም ለልባችንም አይደርስም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ያመጣል። ሲበዛ ሰውየው እንደተኛ ይቀራል። ንጹሕ አየር ላይ ስንወጣ ግማሹ ከደማችን ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ባለቤቴ ምሳ ሰዓት ላይ የሚሻለው ለዚህ ነው። በማስክ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

አሁን የኛን ቤት ልንገርሽና ከናንተ ጋር አስተያዪው፣ አንድ መሆኑን አልጠራጠርም። ሐምሌ ላይ የማርቆስን ብርድ ታውቂዋለሽ። የመስኮቱን ጠርዝ በጨርቅ ወትፈናል፣ የበሩን ሥር በጆንያ ደፍነናል። መብራት ሲጠፋ ወጡም ቡናውም በከሰል ነው፣ ከአዊ በኩል በሚመጣው በዚያ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል። ዝናብ ነክቶት እርጥብ ስለሚሆን ቶሎ አይያያዝም። ድስቱ ሲወርድ ፍሙን አመድ ዳፈን አድርገን ለሙቀት ወደ አልጋው ግርጌ እናስጠጋዋለን። ላዩ ነጭ አመድ ለብሶ፣ ጭስ የሚባል ሳይታይበት፣ ውስጡ ብቻ ቀይ ሆኖ ያድራል። ሁላችንም የምናምነው ጭሱ ካለቀ ፍሙ ምንም አይልም ብለን ነው። ሰው የሚጨርሰው ይሄ እምነት ነው። ጋዙ ጭስ አይደለም። ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም፣ ስለዚህ ማንም ተነስቶ በር አይከፍትም።

የግቢው ሰው ሁሉ ባንዴ ለምን ታመመ ላልሽው መልሱ እዚሁ ነው። ዝናብ ሲጥል ሁሉም በሩን ይዘጋል። ውጭ ያበስል የነበረውም ምድጃውን ወደ ውስጥ ያስገባል። የኪራይ ቤቶቹ ደግሞ ባንድ ቆርቆሮ ሥር ተደርድረው የተሠሩ ናቸው፤ ኮርኒስ የላቸውም፣ ግድግዳው ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። አንቺ ባታነጂ እንኳ የጎረቤትሽ ያንቺ ክፍል ይገባል። አየሩ ተለውጦ ነው የሚሉሽ ሰዎች ስለ ጊዜው አልተሳሳቱም፤ ብርዱና ዝናቡ በር አዘግቶ ከሰሉን ከሰው ጋር ስላስተኛው ነው።

እኛ ምን አደረግን? ምድጃው በረንዳ ላይ ይቀጣጠላል፣ በረንዳ ላይ ይበስላል፣ በረንዳ ላይ ይጠፋል። ዝናብ እንዳይመታው ባለቤቴ ቆርቆሮ ዘረጋልን። ለቡናም ቢሆን ወደ ውስጥ አይገባም። ከመስኮቱ ላይ ጨርቁን አነሳሁት። ለብርዱ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን እግራችን ሥር እናደርጋለን፤ ለልጆቹ ካልሲና ተጨማሪ ብርድ ልብስ። አማቴ መጀመሪያ ተቆጥተውኝ ነበር። «እኛ በጭስ ነው ያደግነው፣ ማን ሞተ?» አሉኝ። እማዬ፣ የገጠሩ ቤት እኮ የሣር ክዳን ነው፣ በክዳኑም በግድግዳውም ይወጣል፤ ይሄ በሲሚንቶ ተለስኖ በላስቲክ ታሽጓል አልኳቸው። ቆይተው ገባቸው። አሁን ጎረቤት ሄደው ምድጃ የሚያስወጡት እሳቸው ናቸው። በግቢያችን ያ ማዞር ቆመ፣ ዝናቡም ብርዱም እንዳለ ሆኖ።

ከሰል ጭራሽ አናነድም ካልሽኝ ሁላችሁ የምትጋሩትን ሌላ ነገር ፈልጊ። እህል የምታስቀምጡት የምትተኙበት ክፍል ነው? ለነቀዝ ያችን አመዳማ ክኒን ጨምራችኋል? እርጥበት ሲነካት ፎስፊን የሚባል መርዛም ጋዝ ታወጣለች፣ እሷም በራስ ምታት፣ በማዞርና በማቅለሽለሽ ነው የምትጀምረው። አንዳንዴ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ አላት፤ ሽታ የለም ብለሽ ግን አትተማመኚ። ያ እህል ባለበት ክፍል ማንም አይደር። ዱቄቱንም እዪው። እንክርዳድ የበዛበት ስንዴ ሳይለቀም ከተፈጨ የበላውን ሁሉ ያዞራል፣ እንደ ሰካራም ያንገዳግዳል።

አሁን ግን ዛሬ ማታ የምታደርጊውን ልንገርሽ፣ ነገ አትበዪ። ምድጃውን አውጪ፣ በርና መስኮት ክፈቺ፣ ለተከራዮቹም በር እያንኳኳሽ ንገሪ። እናትሽን ለብቻቸው እዪልኝ፤ በዕድሜ የገፋ ሰውና የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቶሎ ይጎዳል። በግቢው ነፍሰ ጡር ካለች ደህና ነኝ ብትልም ሐኪም ትይ፣ ከእናትየው ይልቅ ፅንሱን ይበረታበታል። የሚያስታውክ፣ ንግግሩ የተምታታበት፣ ደረቱን የያዘው፣ ወይም ራሱን የሳተ ካለ ወደ ውጭ አውጥታችሁ በቀጥታ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ሩጡ። እዚያ ስትደርሺ ካርድ ክፍል ጀምረሽ «ከሰል ነበር፣ ሁላችንንም ነው ያመመን» በያቸው። ካልነገርሻቸው እንደኛው ታይፎይድ ብለው ይመልሱሻል። ቢቆጡሽም ደግመሽ ተናገሪ።

መስኮታችሁ ማታ ክፍት ነው ዝግ? ምድጃው የት ነው የሚያድረው? ይሄን ሁለቱን ከሥር ጻፊልኝ፣ ማታ ገብቼ አያለሁ።