«ኢንሱሊኑ ይሆን ጉበቷን የጎዳው?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ድመትሽ 11 ዓመቷ ነው። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ 5 ወር ሆኗል። በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ትወጊያታለሽ። አሁን በደም ምርመራዋ ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ከመደበኛው ልክ እጥፍ ገደማ ሆኖ ወጣ፤ ኤኤልፒ የሚባለው ሌላው ኢንዛይምም ትንሽ ከፍ ብሏል። ሲበዛ ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢኗ ደህና ነው፤ ትበላለች፤ ክብደቷም አልቀነሰም። ሐኪሟ «ከ4 ሳምንት በኋላ እንደግመዋለን» አለሽ። አንቺ ግን እንቅልፍ አጣሽ። «ኢንሱሊኑ ይሆን ጉበቷን የጎዳው? ላቁምላት ወይስ ልቀንስላት?» ነው ጥያቄሽ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ኢንሱሊኑን በራስሽ እንዳታቆሚ፣ እንዳትቀንሺም። እኔ በዚሁ ፍርሃት ነካክቼዋለሁ። መዘዙ የተረፈው ለድመቴ ነው።

ነብሮ ይባላል። ስኳር ሲገኝበት 9 ዓመቱ ነበር፤ ወፍራም ነበር። የመጀመሪያው የጉበት ውጤቱ ከድመትሽ ውጤት ጋር ይቀራረባል። ያን ሌሊት ስልኬ ላይ አፍጥጬ አደርኩ። ያነበብኩት ሁሉ ያስፈራል። «መድኃኒት ሲበዛ ጉበት ይጨርሳል» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሲነጋ ማንንም ሳልጠይቅ መጠኑን በግማሽ ቀነስኩት። 10 ቀን እንዲያ ቆየ። ውኃ መጠጫው ቶሎ ቶሎ ባዶ ይሆን ጀመር። አሸዋው ውስጥ የሚረጋው የሽንት ጓል ጡጫዬን አከለ። ስዳብሰው የጀርባው አጥንት ለእጄ ይታወቀኝ ጀመር። ደሙ ሲታይ ስኳሩም ጉበቱም ብሶበታል። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ስንት ነው የሚወጉት?» ብቻ አለኝ። እውነቱን ስነግረው የውጤቱን ወረቀት ገለበጠና ጀርባው ላይ ጉበት ሳለልኝ።

ያስረዳኝ እንዲህ ብሎ ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም ያቅተዋል። ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሰውነቱ ይራባል። ስለዚህ ያጠራቀመውን ስብ ማንሳት ይጀምራል። ያ ስብ በደም ተጭኖ ሄዶ ጉበት ላይ ይራገፋል። የድመት ጉበት ደግሞ ስብ ሲጎርፍበት ቶሎ አስተካክሎ ማስወጣት ይከብደዋል። ሕዋሶቹ ስብ ይቋጥራሉ፣ ይጎዳሉ፣ ውስጣቸው ያለው ኤኤልቲ ወደ ደም ይፈስሳል። ስኳር ባለባቸው ድመቶች ላይ ኤኤልቲና ኤኤልፒ መጠነኛ ከፍ ብለው ብዙ ጊዜ የሚገኙት ለዚህ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት መድኃኒቱ ያው ኢንሱሊኑ ነው። እኔ የቀነስኩት እሱኑ ነበር።

ኤኤልቲ የጉበት ሕዋስ መጎዳቱን ይናገራል እንጂ ጉበቱ ሥራውን ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ አይናገርም። ለዚያ የሚታዩት ቢሊሩቢን፣ አልቡሚንና የሐሞት አሲድ ምርመራ ናቸው። የድመትሽ ቢሊሩቢን ደህና መሆኑ ለእኔ ከኤኤልቲው እጥፍ መሆን የበለጠ ዜና ነው። ኤኤልፒውን ግን «ትንሽ ነው» ብለሽ አትለፊው። ድመት ደም ውስጥ ኤኤልፒ ቶሎ ነው የሚጠፋው፤ በ6 ሰዓት ገደማ ግማሹ ይሄዳል። ውሻ ላይ ግማሹ እስኪሄድ 3 ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በውሻ ችላ የሚባል ጭማሪ በድመት ላይ ትርጉም አለው። ጂጂቲ የሚባለው ሌላ የጉበት ኢንዛይም ተሠርቶላት እንደሆነም ወረቀቱን እዪ። ኤኤልፒ በጣም ወጥቶ ጂጂቲ ባለበት ከቀረ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት የጉበት ስብ ነው። ሁለቱም አብረው ከወጡ ወደ ሐሞት ቱቦና ወደ ቆሽት ያያሉ።

ቆሽትን፣ ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ክፍል፣ ካነሳሁ አይቀር። በአብዛኞቹ ድመቶች የቆሽት ቱቦና የሐሞት ቱቦ አንጀት ከመግባታቸው በፊት ይገናኛሉ። አንዱ ጋ የተነሳ ብግነት ሌላው ጋ ለመድረስ መንገዱ አጭር ነው። ስኳር ያለባት ድመት ደግሞ ቆሽቷ ከመጀመሪያውም የታወከ ሊሆን ይችላል። ዕድሜዋ 11 ስለሆነ ታይሮይዷንም አስመርምሪላት። የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት በትልልቅ ድመቶች የተለመደ ነው። እሱ ብቻውን ኤኤልቲን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ስኳሩንም አልገዛ እንዲል ያደርገዋል። የደም ምርመራ ነው፣ ከሚቀጥለው ጋር አብሮ ይቀዳል።

ሌላው፣ ከኢንሱሊኑ ውጪ የምትሰጫትን ሁሉ ለሐኪሟ ንገሪ። ለጆሮ፣ ለቆዳ፣ ለቁንጫ ያደረግሽላት ሳይቀር። ስቴሮይድ ያለበት ነገር ስኳሯን ያንረዋል። አንድ ነገር በጣም አደራ የምልሽ አለ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ለነርቭ የሚወስዱት አልፋ ሊፖይክ አሲድ የሚባል ማሟያ አለ። «ለእኔ የጠቀመኝ ለእሷም» ብሎ የሚሰጥ አይጠፋም። የድመት ጉበት ላይ መርዝ ነው። ፓራሲታሞልም ለድመት መርዝ ነው፣ ትንሿም ልትገድል ትችላለች። ለጉበት ድጋፍ የሚሰጡ ሳሚና ሲሊማሪን የሚባሉ አሉ። ሐኪሟ ካዘዘላት ጥሩ፤ እኔም ሰጥቻለሁ። የኢንሱሊንንና የምግብን ቦታ ግን አይተኩም።

እዚህ በአስተያየት «መርፌውን ትታችሁ በሚዋጠው ቀይሩላት» ያለ አለ። ቤክሳግሊፍሎዚንን ማለቱ ከሆነ፣ መድኃኒቱ በአሜሪካ በ2022 ሲፈቀድ ኢንሱሊን ለጀመረች ድመት እንዳይሰጥ ተብሎ ነው። ከመጀመሩ በፊትም የጉበት ምርመራ ይጠየቃል። ላንቺዋ የሚሆን አይደለም።

አሁን እኔን እስከ ዛሬ ወደሚያስደነግጠኝ ልምጣ። ነብሮ ኢንሱሊኑ ተስተካክሎለት ጉበቱም እየወረደ ሳለ፣ ከ2 ወር በኋላ አንድ ቀን ምግቡን አሽትቶ ትቶት ሄደ። ሞቆበት ይሆናል አልኩ። ማታም እንዲሁ ተወው። በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተኝቶ ብርሃን ጆሮው ላይ አርፏል። ጆሮው ከውስጥ ሁልጊዜ ሮዝ ነበር። ያን ቀን የቆየ ወረቀት መስሏል፣ ቢጫ። ከንፈሩን ገለጥ ሳደርግ ድዱም እንዲያው። ተሸክሜው ሮጥኩ። ቢሊሩቢኑ ወጥቷል። በአልትራሳውንድ ቆሽቱ ተቆጥቶ ታየ። ከጉበቱ በመርፌ የተወሰደው ናሙና በስብ የተሞላ ነው። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ጥቂት ቀን ካልበላች ጉበቷ በስብ ሊታፈን ይችላል። ስኳር ካለባት ደግሞ ቀድሞውንም ዳር ላይ ናት።

አንገቱ ላይ የመመገቢያ ቱቦ ገባለት። ስሰማው እግሬ ከድቶኝ ነበር። አሁን ግን «እምቢ እንዳትሉ» እላለሁ፣ ነብሮን ያዳነው እሱ ነውና። ምግቡን በአፉ በግድ ልስጠው ብዬ ነበር፤ ሐኪሙ ከለከለኝ። እያቅለሸለሻት በግድ የጎረሰች ድመት ያንን ምግብ ጠልታ ትቀራለች። በየ4 ሰዓቱ ምግቡን በውኃ አቅጥኜ፣ ክንዴ ላይ ጠብ አድርጌ ሙቀቱን አይቼ፣ በሲሪንጅ ቀስ አድርጌ እገፋለት ነበር። ስጨርስ 5 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ ቱቦው እንዳይደፈን። እሱ ጭኔ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቀኛል። በ4ኛው ሳምንት መጀመሪያ ከሲሪንጁ አንዲት ጠብታ እጅጌዬ ላይ ወደቀች። አንገቱን አዙሮ ላሳት። ከዚያ እጅጌዬን ደጋግሞ ላሰው። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለዚህ በነዚህ 4 ሳምንታት ዓይንሽን ከወረቀቱ ላይ አንሺና ሳህኗ ላይ አድርጊ። ምግቧን ስትሰጪ መዝኚ፣ የተረፈውንም መዝኚ፣ ጻፊው። በሳምንት አንዴ ክብደቷን። ጠዋት ጠዋት በቀን ብርሃን ጆሮዋንና ድዷን እዪ፤ የአምፖል ብርሃን ያሳስታል። ለደም ምርመራው «ሳትበላ ትምጣ» ካሉሽ ስንት ሰዓት እንደሆነና የዚያን ጠዋት መርፌ ምን እንደሚደረግ ጠይቂ። ለምርመራ ብለሽ ለረጅም ሰዓት እንዳታስርቢያት።

አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ደውዪ። የዚያን ቀን መርፌ ከመውጋትሽ በፊትም ደውዪ። ያልበላች ድመት በሙሉ መጠን ስትወጋ ስኳሯ ሊወድቅ ይችላል፤ የታመመ ጉበት ደግሞ ሲወርድ የሚያነሳበት ክምችት ያንሰዋል። ከተንገዳገደች፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ዓይኗ ከፈዘዘ፣ ድዷን ማር ወይም ግሉኮስ ቀቢያትና ይዘሻት ሂጂ። የማሩን ወይም የግሉኮሱን ብልቃጥ አሁኑኑ ከመርፌው አጠገብ አስቀምጪው፤ በድንጋጤ ሰዓት ቁም ሳጥን መፈተሽ አይሆንም።

ትበላለች ብለሻል፣ ክብደቷ አልቀነሰም፣ ቢሊሩቢኗ ደህና ነው። ሐኪሟ 4 ሳምንት ልጠብቅ ማለቱ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል፣ እኔም ብሆን እጠብቅ ነበር። የስኳሯን ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚያሳየውን ፍሩክቶሳሚንን አብሮ እንዲሠራልሽ ጠይቂው። እሱ ወርዶ ጉበቷም አብሮ ከወረደ መንገዱ ደህና ነው። ስኳሯ ተስተካክሎ ጉበቷ ብቻ አልወርድም ካለ የታይሮይዷን ውጤት አይቶ ወደ አልትራሳውንዱ ያልፋል። ውጤቱ ሲመጣ አንዷን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ወረቀት ለጥፊልን፣ እኔ አለሁ፣ አብረን እናያለን።