ጨዋታው የሚያስታውሰው ነጥብ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የ41 ዓመት ሰው ነው። ላለፉት አምስት ወራት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ በስልኩ አንዲት ወፍ በቱቦዎች መካከል ለማሳለፍ ሲታገል ያመሻል። ወዲያው ይሸነፋል፤ ይበሳጫል፤ ስልኩን ይወረውራል፤ መልሶ ያነሣዋል። ስጠራው «አንድ ጊዜ ብቻ» ይለኛል። ለልጆች ጨዋታ እንዲህ የሚናደድ ሰው ጤነኛ ነው? ስልኩን ብደብቅበትስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትደብቂበት። ንዴቱም ብቻውን የሕመም ምልክት አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች የሚሠሩት አስቸጋሪ እንዲሆኑ ታስቦ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በጣም የታወቀውን ፍላፒ በርድን እ.ኤ.አ. በ2013 የሠራው ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን ነበር። በዓመቱ፣ ዝናው ጣሪያ በነካበት ሰዓት፣ ሰውን ሱስ አስያዘ ብሎ ራሱ ከገበያ አነሣው። ሠሪውን ያስጨነቀ ነገር ባለቤትሽን ቢይዘው አይግረምሽ።

«ከእውነታው እየሸሸ ነው» የሚሉሽ ይኖራሉ። እኔ አይመስለኝም። መሸሽ ለሚፈልግ ሰው ቀላል ጨዋታ ሞልቷል፤ እሱ የመረጠው ደጋግሞ የሚጥለውን ነው። እዚያ ሲወድቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጣቱ ቸኩሏል ወይም ዘግይቷል። ማረሚያውም በእጁ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚስተው ለጥቂት ነው፤ ለጥቂት ያመለጠ ነገር ደግሞ ሩቅ ከቀረው ይበልጥ ይጎትታል። (የቁማር ማሽን ሠሪዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ልዩነቱ፣ እዚህ ልምምድ እውነትም ይጠቅማል።) ወፏ በወደቀች በሴኮንዶች ውስጥ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ጨዋታው የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ያገኘውን ከፍተኛ ነጥብ። የወደቀባቸውን መቶ ጊዜያት የትም አይጽፋቸውም።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ፤ ከላይ የወጣው አጥሮ ነው፣ ሙሉው ሦስት ገጽ ነበር። ጠግኖት ዳግመኛ ያፈሰሰው ቧንቧ አለበት። የረሳው የልጆች የምዝገባ ቀን አለበት። ከሁለት ዓመት በፊት ለወንድሙ አበድሮት ያልተመለሰው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል። በመካከል ደግሞ፣ እንደ ዋዛ፣ «ሥራውን ካጣ ወዲህ» የሚል ሐረግ አለ፤ ያለፍሽው ምንም ሳትጨምሪበት ነው። መቼ እንዳጣው፣ እንዴት እንደነገረሽ፣ ያን ሌሊት ምን እንደተባባላችሁ አልጻፍሽም። በሦስቱ ገጽ አንድም የተሳካለት ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ክፉ ሴት ነሽ እያልኩሽ አይደለም። የቤቱ ሸክም በአንቺ ላይ ሲወድቅ ጉድለት ቆጣሪ መሆን እንዴት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በቀን ሥራ ፈልጎ ለምን እንዳልተቀጠረ እንኳ የሚነግረው የሌለ ሰው፣ ማታ በቤቱ የቆየ ጥፋቱ ከተነበበለት፣ የተሻለውን ቀኑን ብቻ ወደሚያስታውስለት ስልክ ቢያዘነብል ይገባኛል።

ምን ታድርጊ? ምናልባት አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀምጠሽ ስልኩን ተቀበዪው፤ አንቺም ትሸነፊያለሽ። የወንድሙን ብድር ለጥቂት ሳምንታት ሳታነሺ ቆዪ። ለውጥ በሳምንት አትጠብቂ፤ ላይመጣም ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን እንደ ሕመም የሚቆጥረው ሰውየው ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው ሕይወቱ ሲቀድምበት፣ እየጎዳውም ሲቀጥል ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል መታየት አለበት። ከደብዳቤ ተነሥቼ ይህ አለበት ወይም የለበትም ማለት አልችልም። እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተቃወሰ፣ ከልጆቹም ከራቀ ግን ሳትዘገዩ ሁለታችሁም ባለሙያ ዘንድ ቅረቡ። እዚያ ስትቀመጡ ከጨዋታው አትጀምሪ፤ ሥራውን ካጣበት ቀን ጀምሪ፤ እሱ ሲናገርም ጨርሶ እስኪያበቃ ስሚው።