ለድረ ገጽ ሥራ ስንት ልጠይቅ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በግሌ ድረ ገጽ እሠራለሁ። በቅርቡ ለአንድ የቤት ዕቃ ሻጭ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚነበብ፣ ምርቶቹን ራሱ የሚያስገባበት አድሚን ያለው ሳይት በ25,000 ብር ሠራሁለት። ዶሜይኑ (የሳይቱ አድራሻ) እና ሆስቲንጉ (ሳይቱ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ) ከዚሁ የወጣ ሲሆን 4,000 ብር ፈጅቷል። በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን እየሠራሁ ስድስት ሳምንት ወሰደብኝ። ዋጋ ልጨምር ስል ደግሞ «በ12,000 የሚሠራልኝ አለ» እባላለሁ። ስንት ብጠይቅ ነው የሚያዋጣኝ?

መልስ፦ መጀመሪያ የተከፈለዎትን እንቁጠር። ሥራው 108 ሰዓት ወስዷል። ከ25,000 ላይ 4,000 ሲነሳ 21,000 ይቀራል፤ በሰዓት 194 ብር መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያስፈልግዎትን። በወር 22 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ 176 ሰዓት ይሆናል። ነገር ግን ፕሮፎርማ መጻፍ፣ ስብሰባ፣ ቀሪ ክፍያ መለመን፣ መብራት የሚጠፋበት ጊዜ፣ አዲስ ነገር መማር፣ ይህን ሁሉ የሚከፍልዎት ደንበኛ የለም። ለደንበኛ የሚቆጠረው ግማሹ፣ 90 ሰዓት ያህል ነው። ለቤትዎ በወር 45,000፣ ለኢንተርኔት፣ ለስልክ፣ ለባትሪና ለኮምፒውተር መተኪያ 9,000 ያስፈልግዎታል እንበል። 54,000 ለ90 ሲካፈል 600 ብር ይመጣል። ለግብርም፣ ሥራ ለሚጠፋበት ወርም 20 በመቶ ሲጨመርበት 720 ይሆናል። ቁጥሮቹን በራስዎ ይተኩ፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም። በዚህ ሒሳብ 108 ሰዓት 77,760 ብር ያወጣል። የተከፈለዎት ሲሶውን እንኳ አይሞላም።

ይህን ዋጋ ነገ ለዚያው ደንበኛ ቢጠሩለት ግን ይሸሻል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ሥራው ይከርከም። ሰዓትዎን በየሥራው ለይተው ባይነግሩንም፣ በእንዲህ ዓይነት ሳይት ላይ ጊዜ የሚበላው ኮዱ ብቻ አይደለም፤ ፎቶ በቴሌግራም እየተንጠባጠበ ሲመጣ መቀበልና መከርከም፣ የምርት ዝርዝር መተየብ፣ «እቺን ቀለም ብቻ ነካ አድርጋት» የሚባለው ነው። እነዚህ 40 ሰዓት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ፕሮፎርማው ላይ ግን የሉም። ስለዚህ ይጻፉ፦ እርስዎ የሚያስገቡት 30 ምርት ብቻ፤ ጽሑፉና ፎቶው ከደንበኛው ተጠቃሎ በአንድ ፎልደር ሲመጣ ሥራው ይጀመራል፤ ማስተካከያ ሁለት ዙር፤ ከዚያ በላይ በሰዓት 720 ብር። 40ው ሰዓት ወደ 15 ቢወርድ ጠቅላላው 83 ሰዓት፣ 59,760 ብር ይሆናል። ዋጋው ወረደ፤ የሰዓትዎ ክፍያ ግን አልተነካም።

የ12,000 ብሩን ሠራተኛ ዋጋ ሰብሮ ማሸነፍ አያዋጣም። በዚያ ዋጋ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ዝግጁ ቴምፕሌት ላይ ስምና ሎጎ መለወጥ ነው፤ አንዳንዴም ፈቃድ ያልተገዛለት፣ ማን ምን እንደጨመረበት የማይታወቅ የተሰበረ ቴም (የሳይት ገጽታ ንድፍ)። እርስዎም ትንሽ ጥቅል ይኑርዎት፦ አምስት ገጽ፣ አንድ ቋንቋ፣ ሕጋዊ ነፃ ቴም፣ 20 ሰዓት፣ 14,400 ብር። ደንበኛው በሁለቱ መካከል ይምረጥ።

በትልቁ ጥቅል ላይ ደግሞ ልዩነቱን ያሳዩት። ደንበኛዎ የቤት ዕቃ ሻጭ ናቸው፤ ስልካቸውን አውጥተው የርካሹን ሳይት መፈለጊያ «እቃ» ብለው ይሞክሩት። ምርቱ በ«ዕቃ» ከተመዘገበ ባዶ ገጽ ይመጣል። መፍትሔው ምርቱ ሲቀመጥ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ የዳታቤዝ ዓምድ መፍጠር ነው፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ በሰባቱም ሆሄያት ይለወጣሉ። ሃ እና ኣም ከሀ እና ከአ ጋር ይዋሃዳሉ። ገዢው የሚጽፈው ቃልም በዚያው ወንፊት ያልፋል። ሦስት አራት ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ፕሮፎርማው ላይ ግን ራሱን ችሎ በአንድ መስመር ይግባ። ነጋዴ የጠፋበትን ገዢ ሲያይ ይገባዋል።

በቴሌብር ወይም በቻፓ ክፍያ መቀበል ከተፈለገም ለብቻው ይተመን። ኮዱ በሙከራ ቁልፍ (የክፍያ ድርጅቱ ለሙከራ በሚሰጠው የመለያ ኮድ) ቶሎ ይሠራል፤ እውነተኛው ቁልፍ የሚመጣው ግን የደንበኛው ንግድ ፈቃድና ሰነድ ሲሟላ ነውና የጥበቃው ጊዜ በእርስዎ ላይ አይቆጠር። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ገዢው ወደ «አመሰግናለሁ» ገጽ ስለተመለሰ ብቻ ትዕዛዙን «ተከፍሏል» ማለት። ያንን አድራሻ ማንም ብሮውዘሩ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ሰርቨርዎ የክፍያ ድርጅቱን በቀጥታ ጠይቆ መጠኑንና የትዕዛዝ ቁጥሩን ያመሳክር።

ሆስቲንግን ከዋጋዎ አውጥተው በደንበኛው ስም ያስገዙ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ «የሦስት ዓመት ሆስቲንግ በኔ» ብሎ የፈረመ ልዩነቱን ከኪሱ ከፈለ። ፕሮፎርማዎም «ለ15 ቀን ብቻ የሚያገለግል» የሚል ይኑረው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው። አፕወርክ (ከውጭ ደንበኞች የግል ሥራ የሚገኝበት የኢንተርኔት መድረክ) ላይ አዲስ ነኝ። ሥራ ለማግኘት ስል በሰዓት 5 ዶላር አስገብቻለሁ። ወደ 3 ልውረድ?

መልስ፦ አይውረዱ። 3 ዶላር መድረኩ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ነው፤ የ5 ዶላሩም እውነተኛ ገቢ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። አንድ የ40 ሰዓት ሥራ ለማግኘት 30 ማመልከቻ ላኩ እንበል፤ እያንዳንዱ 12 ኮኔክት (ለማመልከት የሚገዛ የመድረኩ ነጥብ) ቢፈልግ፣ አንዱ በ0.15 ዶላር 54 ዶላር ይወጣል። ከሚከፈልዎት 200 ዶላር ላይ የመድረኩ ድርሻ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ እንደ ውሉ ከ0 እስከ 15 በመቶ ይለያያል። 10 በመቶ ብንወስድ 180 ይቀራል፤ ኮኔክቱ ሲነሳ 126። ለማመልከቻዎቹ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢያጠፉ 15 ሰዓት ይጨመራል። 126 ለ55፣ 2.29 ዶላር።

የሚስተካከለው የማመልከቻው ብዛት ነው። «ድረ ገጽ እሠራለሁ» ከማለት አንድ ችግር ይዘው ይቅረቡ፦ ዎኮሜርስ (የኦንላይን ሱቅ መሥሪያ) የሚዘገይበትን መፍታት፣ የተጠለፈ ወርድፕሬስ (የሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር) ማጽዳት፣ ሳይት ከአንድ ሆስት ወደ ሌላ ማዛወር። እነዚህ አጭር ናቸው፤ ደንበኛው ቸኩሏል፤ ዋጋ ብዙ አይከራከርም። በቁርጥ ዋጋ ሲሠሩ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል ገንዘብ በመድረኩ መያዙን ሳያዩ አንድ መስመር ኮድ አይጻፉ። ሥራውን አስገብተው ደንበኛው ዝም ካለ በ14 ቀን ራሱ ይለቀቃል፤ ይህ የሚሠራው ግን ሥራውን በማስረከቢያው ቁልፍ ካስገቡ እንጂ በቻት ከላኩት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ላይ ለአንድ ድርጅት ሠርቼ ሳይቱ ሥራ ከጀመረ ሁለት ወር ሆነው። 40 በመቶው አልተከፈለኝም። ልዝጋው?

መልስ፦ አይዝጉት፤ ከሳሽ መሆን ሲገባዎት ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በውል ሌላ ካልተባለ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤት አሠሪው ነው። የሚያዋጣው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 የተጠቀሰው ማስጠንቀቂያ ነው፦ ያስረከቡትን በዝርዝር፣ ቀሪውን ብር በቁጥር፣ 10 ቀን ሰጥተው በጽሑፍ፣ ድርጅቱ ማኅተም አድርጎ በሚቀበለው ደብዳቤ። የቴሌግራም ንግግራችሁንም ከዛሬው አውርደው ያስቀምጡ።

ለሚቀጥለው ሥራ ክፍያው 40፣ 40፣ 20 ይሁን። ሳይቱ በእርስዎ የሙከራ አድራሻ ይታይ፤ ወደ ደንበኛው ዶሜይን የሚዛወረውም ሆነ ባለቤትነቱ የሚተላለፈው የመጨረሻው 20 ሲገባ ነው። በ7 ቀን በጽሑፍ አስተያየት ካልመጣ ደንበኛው ሥራውን እንደተረከበ ይቆጠራል የሚልም ይጨመርበት። የመጀመሪያውን 40 በውሉ «ቅድሚያ ክፍያ» ይበሉት እንጂ «ቀብድ» አይበሉት፤ በሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ሲተው እጥፉን ይመልሳል። ድርጅቱ ከክፍያው ግብር ቀንሶ ካስቀረ ደረሰኙን ይቀበሉ፤ ዓመታዊ ግብርዎን ሲያሳውቁ ይታሰብልዎታል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነን፤ ለዕድራችን ድረ ገጽ አዲስ አበባ ያለ ልጅ በዘመድ በኩል ሊሠራልን ነው። በምን እንክፈለው?

መልስ፦ በዶላር ተስማሙ፤ በሚከፈልበት ቀን ምንዛሪም ይመንዘር። ሆስቲንጉንና ዶሜይኑን በዕድሩ ካርድና ኢሜይል እናንተ ግዙ፤ ለልጁ የራሱ መግቢያ ስጡት እንጂ የእናንተን ፓስወርድ አትላኩለት። «ዘመድ ነው» ተብሎ ዋጋ ከተቀነሰበት የእናንተ ሥራ ሁልጊዜ ከሌላው ደንበኛ በኋላ ይሆናል። ከሥራው በኋላ ለባክአፕና ለማሻሻያ በወር ሁለት ሰዓት በቋሚነት ክፈሉት፤ ከዘመዱ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ተፈራረሙ።