መታወቂያን ሳያስረክቡ ማስመስከር፦ ስለ ቢቢኤስ ፊርማና ዌብአሴምብሊ ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰባሰብን ኮድ እንጽፋለን። ባለፈው ከዲጂታል መታወቂያህ የፈለግከውን ብቻ ለማሳየት ስለሚያስችለው ቢቢኤስ ፊርማ፣ ብራውዘር ውስጥ ስለምናስኬድበትም ዌብአሴምብሊ (በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ብራውዘር ላይ የሚያሠራ ቅርጽ) ማውራት ጀምሬ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ላካችሁ። ደስ ብሎኛል። ይኸው ልመልስ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ከተለመደው ዲጂታል ፊርማ በምን ይለያል?

መ፦ እዚህ ሰፈር ቤት ስትከራይ የመታወቂያህን ኮፒ ትሰጣለህ አይደል? አከራዩ ማወቅ የፈለገው ስምህን ነው። የሚደርሰው ግን የትውልድ ቀንህም፣ ወረዳህም፣ የቤት ቁጥርህም ነው። ኮፒው ከዚያ ወዲያ ማን እጅ እንደሚገባ አታውቅም። የተለመደው ፊርማም እንደዚሁ ነው። ሰነዱ በሙሉ አንድ ላይ ተጨምቆ ስለሚፈረም አንዷን መስመር ከሸፈንክ ፊርማው አይረጋገጥም። ቢቢኤስ ግን እያንዳንዱን መረጃ ለየብቻ ይይዘዋል። ፈራሚው፣ ማለትም መታወቂያውን የሚሰጠው አካል፣ አምስትም ይሁን ሃያ መረጃ በአንድ ፊርማ ይፈርማል፣ አንተ ደግሞ የፈለግከውን ገልጠህ፣ የቀረውን ደብቀህ፣ «ይህ ያሳየሁህ በእርግጥ የተፈረመበት ነው» የሚል ማረጋገጫ ራስህ ትሠራለህ። በአዲሱ አሠራር ፊርማው መረጃው ቢበዛም ከ80 ባይት አያልፍም። ስሙ የመጣው ከሦስት ሰዎች ነው፤ ዳን ቦኔ፣ ዛቪየር ቦየንና ሆቫቭ ሻካም። መሠረቱን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ጥ፦ እና ከ18 ዓመት በላይ መሆኔን ብቻ ማሳየት እችላለሁ?

መ፦ ትችላለህ፣ ግን እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቢቢኤስ መግለጥና መደበቅ እንጂ ማስላት አያውቅም። የተፈረመልህ የትውልድ ቀንህ ብቻ ከሆነ ወይ ቀኑን ታሳያለህ ወይ ትደብቀዋለህ፣ መሀል ላይ ሌላ አማራጭ የለም። ስለዚህ ፈራሚው ገና ሲፈርም «ከ18 ዓመት በላይ» የሚለውን ራሱን የቻለ መስመር ያድርገው። ከቀኑ ተነስቶ የሚያረጋግጥ ሌላ ሒሳብ አለ፣ ግን ከበድ ያለ ነው፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

ጥ፦ ለምን ዌብአሴምብሊ? ጃቫስክሪፕት ብቻውን አይበቃም?

መ፦ ብራውዘሩ ዌብ ክሪፕቶ የሚባል የራሱ መሣሪያ አለው። ቢቢኤስ የሚሠራበትን ቢኤልኤስ12-381 የተባለ ከርቭ (ስሌቱ የሚካሄድበት የሒሳብ መስመር) ግን አያውቀውም። በጃቫስክሪፕት እጽፈዋለሁ ካልክ፣ ተራው ቁጥር ሳይዛነፍ የሚይዘው እስከ 53 ቢት ነው፤ እኛ የምንፈልገው 381 ቢት ነው። ቢግኢንት የሚባለው የጃቫስክሪፕት ትልቅ ቁጥር ይሠራል። ችግሩ የሚፈጅበት ጊዜ እንደ ቁጥሩ ይለያያል፣ ያንን ልዩነት የሚለካ ሰው ምስጢርህን ሊገምት ይችላል። ዌብአሴምብሊ ባለ 64 ቢት ቁጥር አለው፣ በስድስቱ 381ዱን ትይዛለህ። ከሁሉም በላይ ግን ረስት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ብዙ ዓይን ያየው ኮድ ኮምፓይል አድርገህ እንዳለ ታመጣለህ። ትልልቆቹ ብራውዘሮች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ይቀበሉታል። ጊዜው ሁልጊዜ እኩል ነው ብዬ ግን አልምልም፤ ብራውዘሩ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀይር የሚያደርገውን እኛ አንቆጣጠርም።

ጥ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሰርቨሩ ላይ ማረጋገጫውን ሠርቼ ለተጠቃሚው ብልክለትስ?

መ፦ እህቴ፣ እንደዚያ ካደረግሽ የለፋንበት ነገር ሁሉ ከንቱ ነው! ማረጋገጫውን የሚሠራው አካል የተደበቀውንም የተገለጠውንም ማየት አለበት። ሰርቨርሽ ከሠራው የሰውየውን መታወቂያ በሙሉ አንቺ ጋ አስቀመጥሽ ማለት ነው፣ የትና መቼ እንዳሳየውም ታውቂያለሽ። ማረጋገጫው መሠራት ያለበት በባለቤቱ ስልክ ላይ ነው፣ እዚያው፣ በእጁ ውስጥ። ዌብአሴምብሊ ያስፈለገን ለዚህ ነው፤ ፍጥነቱ ሁለተኛ ነገር ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ፋይሉ አንዴ ወርዶ ስልኩ ላይ ከተቀመጠ ማረጋገጫ ለመሥራት ኔትወርክ አያስፈልግም። ለእኛ ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥ፦ ኮምፓይል ሳደርግ ጌትራንደም የምትባለው የዘፈቀደ ቁጥር አምጪ የረስት ላይብረሪ «ይህን ታርጌት አልደግፍም» ብላ ታቆመኛለች።

መ፦ እኔንም አንድ ሌሊት ሙሉ አስቀምጣኛለች። ዌብአሴምብሊ የራሱ የዘፈቀደ ቁጥር ምንጭ የለውም፣ ከብራውዘሩ መለመን አለበት። ላይብረሪዋ ላይ ለጃቫስክሪፕት የተዘጋጀውን አማራጭ አብራው፣ በጣም የድሮ ካልሆነች ይፈታል። በምንም ተዓምር ግን ቋሚ ቁጥር አስገብተህ እንዳታልፈው፣ የጃቫስክሪፕቱን ማዝ ራንደምንም እንዳትጠቀም። አንድ ዓይነት የዘፈቀደ ቁጥር በሁለት ማረጋገጫ ላይ ከተደገመ፣ ሁለቱን ያየ ሰው ቀላል ስሌት ሠርቶ የደበቅከውን ያወጣዋል። ፕሮግራሙ ደግሞ ምንም ስህተት አያሳይህም፣ ማረጋገጫው «ትክክል ነው» ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

ጥ፦ ኖንስ ምን ያደርጋል?

መ፦ ማረጋገጫ የሚጠይቅህ አካል በየጊዜው ኖንስ የሚባል አዲስ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ማረጋገጫህ ውስጥ ታስገባዋለህ። እሱ ከሌለ ትናንት ያሳየኸውን ማረጋገጫ የቀዳ ሰው ዛሬ አንተን ሆኖ ይቀርባል።

ጥ፦ ሁለት ሱቆች ማረጋገጫዬን አስተያይተው እኔ መሆኔን ማወቅ ይችላሉ?

መ፦ ከማረጋገጫው ራሱ አይችሉም፣ በየጊዜው አዲስ ሆኖ ነው የሚሠራው። ፈራሚው እንኳ የትኛው ፊርማ እንደሆነ አይለይም። ግን ስልክ ቁጥርህን ገልጠህ ከሰጠህ በዚያ ያገናኙሃል፣ ሒሳቡ አያድንህም። ፈራሚው ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ቁልፍ ከተጠቀመም ያው ነው፣ ቁልፉ ስምህ ሆነ ማለት ነው።

ጥ፦ ኳንተም ኮምፒውተር ሲመጣስ?

መ፦ በቂ ጉልበት ያለው ከመጣ ፊርማውን አስመስሎ መፈረም ይቻላል። ከዚህ በፊት በሰጠኸው ማረጋገጫ ውስጥ የደበቅከው ግን ተደብቆ ይቀራል።

ጥ፦ ከየት ልጀምር?

መ፦ አምስት መስመር ያለው የውሸት መታወቂያ ሥራ። ፈርም፣ ሦስቱን ደብቅ፣ ማረጋገጫው ትክክል ነው መባሉን እይ። ከዚያ ከተገለጡት ላይ አንድ ፊደል ቀይርና እንደገና ሞክረው። «አይደለም» ሲልህ በዓይንህ እየው። ስሌቱን ዎርከር (ከገጹ ተለይቶ ከጀርባ የሚሠራ የብራውዘር ክፍል) ውስጥ አስገባው፣ ካለዚያ አሮጌ ስልክ ላይ ስክሪኑ ይቆማል። ቅዳሜ ይዘኸው ና፣ አብረን እናየዋለን።